ባዶ የተባለው ገንዳ

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 4

እትዬ ገላነሽ፣ እባክዎ ይመኑኝ። ያለፈውን ይርሱልኝና በዚህኛው ብቻ ይመኑኝ። ነገ ጠዋት እጅዎን እዚያ ውሃ ውስጥ እንዳይከቱ። ውስጡ ነገር አለ። ትንሽ ናት፣ ብትጠቀለል ሎሚ አታክልም፣ ግን ትገድላለች። ጭስ አይደለም፣ ሕልም አይደለም፣ በዓይኔ ነው ያየሁት። በእመቤታችን ይዤዎታለሁ።

ይሄን የጻፍኩት ስልክ ላይ ላነበው ነው። ስደነግጥ ምላሴ ይተሳሰራል፣ አምት፣ ማለት የስደተኞች ቢሮ፣ ስደውልም መጀመሪያ ደብተር ላይ ጽፌ እያየሁ ነው የማወራው። ደወልኩ። አነሱት።

«ወዬ ልጄ።»

ደብተሩን አየሁት፣ ፊደሉ ሁሉ ጉንዳን ሆኖ ሄደ።

«እትዬ፣ ደህና አደሩ?»

«በአስር ሰዓት? አድሬም ውዬም ሊመሽብኝ ነው እንጂ!» ሳቁ፣ ሳቁ፣ ከዚያ «እራትሽን ብዪ» ብለው ዘጉት።

በቃ። እንግዲህ ለደብተሩ ልንገረው።

እኔና እትዬ ገላነሽ ከከተማው ዳር፣ ከቦናመስ ወዲያ ያለ የባህር ጌጥ ዓሣ ማከፋፈያ አብረን እናጸዳለን። ንጋት አስራ አንድ ሰዓት እንገባለን፣ ሌላው ሠራተኛ ሲገባ እንወጣለን። ሥራውን ያስገቡኝ እሳቸው ናቸው፣ ለአለቃችን፣ ለሼፉ ለሄር ክሮል «ይቺ ልጅ በእኔ» ብለው። ስልሳ ስምንት ዓመታቸው ነው፣ ጡረታ ወጥተው ቤት መቀመጥ አልሆን ብሏቸው ነው የሚሠሩት። ጣቶቻቸው በቁርጥማት ጎብጠዋል። ከኋላ ክፍል ጥጉ ላይ አንድ የመስታወት ገንዳ አለ፣ ዓሣ ሲታመም ብቻ የሚገባበት። ከበጋ ጀምሮ የታመመ የለም፣ ድንጋይ ብቻ ነው ያለበት፣ «ባዶው» ነው የምንለው። ውሃው ግን ሌት ተቀን ሞቃት ነው፣ ጨው ነው። እትዬን በልጅነታቸው አባታቸው ሶደሬ ፍል ውሃ እየወሰዱ ይነክሯቸው ነበር። ይሄንን ውሃ የነኩ ቀን «ሶደሬዬን አገኘኋት» አሉ። ከዚያ ወዲህ ሥራ ስንጨርስ በየቀኑ እጅጌያቸውን ሰብስበው አስር ደቂቃ ይነክራሉ። ሼፉ አያውቅም። ከእኔ በፊት የነበረችውን ልጅ ገንዳ ውስጥ እጇን ከታ ሲያገኛት በዚያው ቀን ነው ያሰናበታት።

ዛሬ እሳቸው ቢሮውን ሲጠርጉ እኔ የባዶውን መስታወት እወለውል ነበር። ጨርቁ ጥላ ጣለባት መሰለኝ ከዛጎሏ ወጣች፣ ስምንት እግር፣ አሸዋ መስላ፣ ከዚያ በአንድ ጊዜ ገላዋ ሁሉ ሰማያዊ ቀለበት በቀለበት ሆኖ በራ። እንደዚያ ያለ ሰማያዊ አይቼ አላውቅም። በአውሮፕላን ስመጣ ሌሊት ያየሁት ከተማ ነው የመሰለኝ፣ ሩቅ፣ የማን እንደሆነ የማላውቀው። ከዚያ ጠፋ። የዕቃ ቤቱ በር ላይ የአደገኛ እንስሳት ሥዕል ተለጥፏል። ሮጬ አየሁ። አለች። አጠገቧ የራስ ቅል።

እንዴት እዚያ እንደገባች አይታወቅም። ከድንጋይ ጋር ይመጣሉ ይባላል።

ረቡዕ፣ ኖቬምበር 5

ነገርኳቸው። ፊት ለፊት።

«እትዬ፣ እዚህ ውስጥ መርዘኛ ነገር አለች።»

«ፎየርቬር መጣች!»

እሳት አደጋ ማለት ነው፣ ይሄ ስሜ ነው። አምና ክረምት ከታች ፎቅ ጭስ አየሁ ብዬ እሳት አደጋ ጠርቼ፣ ኖርድቬስትሽታት ያለው ሕንጻችን አስራ አንድ ፎቅ ሙሉ ሰው በሌሊት ልብሱ በረዶ ላይ ወጣ። ጭሱ አንድ ሽማግሌ ለሳላቸው የሚታጠኑት የሙቅ ውሃ እንፋሎት ነበር። ከዚያ ወዲህ ሐበሻው ሁሉ እንደዚህ ነው የሚጠራኝ።

«በሩ ላይ ሥዕሏ አለ፣ ይምጡ ላሳይዎት።»

«ያንን ሥዕል ስንት ዓመት አቧራውን ጠረግኩት። ያ አውስትራሊያ ነው ልጄ፣ ይሄ ቦናመስ ነው።» እጃቸውን ከተቱ። «በይ የታለች?»

ዛጎሉን አየሁ፣ አየሁ። አልወጣችም።

«በባዶ ሆድሽ እየመጣሽ ነው። ዳቦ ቀምሰሽ ነይ፣ ይጠፋልሻል።»

አስር ደቂቃ ሙሉ አልተነፈስኩም።

ቅዳሜ፣ ኖቬምበር 8

ዝናብ። ሳሮን መዝሙር ጥናት ሄዳለች። ሳሮን የቤት ጓደኛዬ ናት፣ ጴንጤ ናት፣ ስትኖር ቤቱ በጸሎት ይሞላል፣ ስትሄድ ደግሞ ዝም ይላል፣ ዝምታው ደስ ይለኛልም ያስፈራኛልም።

ጠዋት ስንገባ ትልቁን መብራት አናበራም። የገንዳዎቹ ብርሃን ይበቃል። በየመደርደሪያው ውሃ ነው፣ ውሃው ይተነፍሳል፣ ጣሪያው ላይ ብርሃኑ እንደ ቅጠል ይንቀጠቀጣል። ወለሉን ስወለውል እኔም ከታች ያለሁ ይመስለኛል፣ ከላይ ሰው ቆሞ የሚያየኝ። እግሬ መሬት አይነካም። አንዳንዴ ስንት ሰዓት እንደሆነ፣ የት አገር እንደሆንኩ ይጠፋኛል። ከዚያ እትዬ ባልዲውን ሲያንኳኩ እመለሳለሁ።

አብዲሳ እኛ ልንወጣ ስንል፣ አስራ ሁለት ሰዓት ላይ ይገባል። ዓሣዎቹን የሚያበላው እሱ ነው፣ የጅማ ልጅ ነው፣ ባህር አይቶ ሳያውቅ የባህሩን ሁሉ ስም ያውቃል።

«ኢየሩስ፣ ዛሬ ደግሞ ምን አየሽ? ሻርክ?»

«ቲቪ ላይ አንድ ነገር አየሁ። ስምንት እግር ያላት፣ ትንሽ፣ ሰማያዊ ቀለበት ያላት።»

ዓይኑ በራ። ሥራውን ትቶ ስልኩ ላይ አሳየኝ። ከአውስትራሊያ እስከ ጃፓን ባለው ባህር ጥልቅ ያልሆነው ጋ ትኖራለች አለ። ድንጋይ ሥር፣ ዛጎል ውስጥ፣ የተጣለ ጠርሙስ ውስጥ ሳይቀር ቤት ትሠራለች። አጥንት የላትም፣ በትንሽ ቀዳዳ ታልፋለች። ሦስት ልብ አላት፣ ደሟ ሰማያዊ ነው። ሸርጣንና ሽሪምፕ ነው የምትበላው። ቀን ሙሉ የአሸዋ ቀለም ናት፣ ቀለበቱ የሚበራው ስትፈራ ነው።

«ስትናደድ ነው ወይስ ስትፈራ?»

«ስትፈራ። ‹ልምጣባችሁ› አይደለም የምትለው፣ ‹ተዉኝ› ነው የምትለው።»

ሥዕሉን እንደገና አሳየኝ አልኩት።

ስትነክስ ብዙ ጊዜ አይታወቅም አለ፣ አያምም። መርዙ ምራቋ ውስጥ ነው፣ በዓይን የማይታዩ ተሕዋስያን ናቸው የሚሠሩላት ይላሉ አለ። ዕድሜዋ ሁለት ዓመት አይሞላም።

«እና እንደው ሼፉ እዚህ ቢያገኛት?»

«ወደ በረዶው ሳጥን። ተኝታ ትቀራለች። ያመጣትን ሰው ደግሞ ያባርረዋል።»

«ማንም አላመጣትም» አልኩ።

አየኝ። «ቲቪ ላይ ነው ያልሽው እኮ።»

«አዎ፣ ቲቪ ላይ።»

ሰኞ፣ ኖቬምበር 10

የላስቲክ ጓንት ሰጠኋቸው። ረጅሙን፣ እስከ ክርን የሚደርሰውን።

«ፍል ውሃ በጓንት ይገባል? አንቺ ቤተ ክርስቲያን በጫማ ትገቢያለሽ?»

ጊዜ የለም፣ ባቡሩ መጣ።

አርብ፣ ኖቬምበር 14

ነጭ ነገር ታቅፋለች። መጀመሪያ የበላችው ሽሪምፕ ትራፊ መሰለኝ፣ ቅዳሜ የወረወርኩላት። አይደለም። ዶቃ ነው፣ ሃምሳም ስልሳም ይሆናል፣ በእጆቿ ሥር እንደ ሻሽ ሸፍናው ተቀምጣለች፣ ዛጎሉ ጠቧታል። ያንን ዛጎል ከማሳያው መስኮት ነው ያነሳሁላት፣ ትልቁን ማንሳት ነበረብኝ፣ ማን ያውቃል ብዬ።

አብዲሳን ጠየቅኩት፣ እንዲያው ስለ እነሱ ዘር። ሌሎቹ እንቁላላቸውን ድንጋይ ላይ ይለጥፋሉ አለ፣ ይቺኛዋ ግን ታቅፋ ነው የምትዞረው፣ እስኪፈለፈል ከእጇ አታወርደውም። በሞቃት ውሃ ወር ያህል። እስከዚያ አትበላም። ሲፈለፈሉ ትሞታለች። አንድ ጊዜ ነው የምትወልደው።

«ልጆቿን ሳታሳድግ?»

«ሳታሳድግ። ቶሌ፣ እሺ በቃ፣ ዓሣ ቤት ነው ያለሽው ኢየሩስ፣ ምን አስለቀሰሽ?»

አላለቀስኩም። ክሎሪኑ ነው።

ባቡር ውስጥ ቆጠርኩ። ወር ማለት ዲሴምበር አጋማሽ ነው። ከዚያ ራሷ ትሞታለች፣ በጨርቅ አውጥቼ እጥላታለሁ፣ ማንም አያውቅ፣ ማንም አይባረር። እስከዚያ እትዬን ብቻ ከውሃው ማራቅ ነው። ይሄ ክፉ ሐሳብ አይደለም። ለሁሉም የሚሻለው ይሄ ነው። ለሼፉ ብናገር የእትዬን መንከርም መናገሬ ነው። እኔ ለእሳቸው ብዬ ነው ዝም ያልኩት።

ሁለት ጊዜ ጻፍኩት፣ ሲነበብ እንዴት እንደሆነ ልይ ብዬ። እኔ ለእሳቸው ብዬ ነው ዝም ያልኩት።

እሁድ፣ ኖቬምበር 16

ምን ዓይነት ጅል ነኝ።

እውነቱን እምቢ ካሉ ሕልም እሺ ይላሉ ብዬ አሰብኩ። እትዬ ሕልም ይፈታሉ፣ ቤተ ክርስቲያን ሴቱ ሁሉ ለእሳቸው ነው የሚናገረው። ቅዳሴ ሲያልቅ ከአዳራሹ በር ላይ ከነመነን ጋር ቆመው አገኘኋቸው። መነን ወሬ አይሰለቻትም፣ ጆሮዋን ቀሰረች።

«እትዬ፣ ሕልም አየሁ። እርስዎ እጅዎን ሙቅ ውሃ ውስጥ ከተው፣ ሰማያዊ ቀለበት ያላት ነገር መጥታ እጅዎን ነከሰችዎት።»

ዓይናቸውን ጨፈኑ። እኔ አሁን ይደነግጣሉ ብዬ ጠበቅኩ።

«ቀለበት? ስንት ቀለበት?»

«ስልሳ ይሆናል።»

«ስልሳ! ይቺ ልጅ አገር ነው የምታገባው!»

መነን እልል አለች። ሰው ዞረ።

«እትዬ፣ ንክሻውስ? ነክሳዎታለች እኮ!»

«ንክሻ ፍቅር ነው። እኔን የነከሰችው አማላጅሽ ስለምሆን ነው። ውሃው ሲሳይ ነው።»

«ሰማያዊውስ?» አለች መነን።

«ሰማያዊውማ ፓስ ነው፣ የስደተኛው ፓስፖርት! የአምት ቴርሚንሽ መቼ ነው?»

«ቀጠሮዬ ዲሴምበር አስራ አንድ ነው» አልኩ፣ ምን ልበል።

«አገኘሽ በያት። ባልም ፓስም ባንድ ውሃ!»

ሁሉም ሳመኝ። መነን በጆሮዬ «አብዲሳ ነው አይደል?» አለች። ከዚያ ዳቦ ተቆረሰ፣ ስለ ሕልሜ። በላሁ። ጣፋጭ ነበር፣ እሱ ነው ያሳፈረኝ።

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 18

አስር ደቂቃው ሩብ ሰዓት ሆነ። «ለሰርግሽ ድፎ የምትደፋ እጅ መዳን አለባት» አሉ። የኔ ሥራ ነው። በገዛ አፌ ውሃውን ባረክሁላቸው።

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 20

አንድ ዘዴ አገኘሁ። ባልዲ ሙቅ ውሃ፣ ከዓሣዎቹ ጨው ሁለት እፍኝ። ከእሳቸው ቀድሜ አዘጋጅቼ ወንበር አቅርቤ ጠበቅኳቸው።

«ይሄ ይሻላል እትዬ፣ ቁጭ ብለው።»

ጣታቸውን ነከሩ፣ ቀመሱት ደግሞ።

«ይሄ የኩሽና ውሃ ነው። ያኛው ሕይወት አለበት፣ ይታወቀኛል፣ ያክመኛል።» ግንባሬን ሳሙኝ። «ልጅ ብወልድ እንዳንቺ ነበር የምወልደው፣ ትንሽ ደህና አእምሮ ጨምሬበት።»

ባልዲውን ደፋሁት። ሲነክሩ እኔ መስታወቱ ፊት ቆሜ ዛጎሉን በሰውነቴ ከለልኩት፣ ሌላ ጥላ እንዳያልፍባት፣ እንዳትፈራ። አትፍሪ አልኳት በሆዴ። ማናችሁም አትፍሩ።

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 25

ጾመ ነቢያት ትናንት ገባ። እሷም ጾም ከያዘች አስራ አንድ ቀኗ ነው፣ ከእኛ ይልቅ ታጠብቃለች። ሽሪምፑን አምጥቼ አልነካችም። ቦርሳዬ ውስጥ ቀረና እትዬ አገኙት።

«በጾም?»

«የሳሮን ነው።»

ምንም ያላደረገችውን ልጅ።

ቅዳሜ፣ ኖቬምበር 29

ሳሮን ለእናቷ በስልክ ስታወራ ሰማኋት። ግድግዳው ስስ ነው።

«ጀመራት ደግሞ። በእንቅልፏ ‹እጅዎን ያውጡ፣ እጅዎን ያውጡ› ትላለች። አይ፣ ክፉ አይደለችም እማ። የምትፈራው ነገር ካጣች ትፈጥራለች።»

ብርድ ልብሱን ራሴ ላይ ሳብኩ። ውስጡ ጨለማና ሙቅ ነው፣ ትንፋሼ ሲመለስ ይሰማኛል። እንደዚህ ነው እንግዲህ ዛጎል ውስጥ። ድሮ ትምህርት ቤት እያለሁ፣ ማለት አራተኛ ክፍል፣ ከዚያ ወዲያ አልሄድኩም፣ አስተማሪው የዓለምን ካርታ ሲሰቅል ሰማያዊው ሁሉ ሰማይ ይመስለኝ ነበር። አገሮቹ ሰማይ ላይ የሚንሳፈፉ። ባህር ነው ሲለኝ አዘንኩ። አሁን ሳስበው ልክ ነበርኩ መሰለኝ። እሷ ከዚያ ነው የወደቀችው፣ በእርጥብ ጋዜጣ ተጠቅልላ፣ ማንም ሳይጠራት። እዚህ ከተማ ውስጥ እንዳለች የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ሰው ስለ ራሱ እንደዚያ የሚያውቅለት አንድ ቢኖረው።

ጋዜጣውን ለምን ጻፍኩት። ይቅር።

ሁለት ሳምንት ቀረ።

ረቡዕ፣ ዲሴምበር 3

ዛሬ እትዬ እጃቸውን ነክረው፣ ፈገግ ብለው «ሐር» አሉ።

«ምን?»

«እጄን አንድ ነገር ዳበሰኝ። እንደ ሐር። ቅጠል ይሆናል።»

እጃቸውን ይዤ አወጣሁት፣ ጎተትኩት ማለት ይሻላል፣ ውሃው ልብሳቸው ላይ ተደፋ። ጣታቸውን አንድ በአንድ አየሁ፣ ነጥብ አለ ወይ ብዬ፣ ከንፈራቸውን አየሁ።

«ይናገሩ! ከንፈርዎ ደነዘዘ? ምላስዎ?»

«አንቺ ልጅ! ሰው ያስደነብራል ይሄ!» ተቆጡ። እስከ ዛሬ ተቆጥተውኝ አያውቁም። «ጸበል ውሰጂ። የምሬን ነው።»

ደህና ናቸው። ባቡር ውስጥ አፋቸው እስኪደርቅ አስለፈለፍኳቸው፣ ስለ ሶደሬ፣ ስለ አባታቸው፣ ምላሳቸው መንቀሳቀሱን ለማየት። እሳቸው ጨዋታቸውን ናፍቄ መስሏቸው ደስ ብሏቸው አወሩ። ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ። ሁለቴ። «እንዴት ገባች?» ይሉኛል። ሁሉም የሚቆመው እዚያ ላይ ነው።

ቅዳሜ፣ ዲሴምበር 6

አብዲሳን ጠየቅኩት፣ ብትነክስ ሰው ምን ይሆናል ብዬ።

«የእናንተ ቲቪ አንድ ፕሮግራም ብቻ ነው ያለው?» አለ፣ ግን ነገረኝ። መጀመሪያ ከንፈር ይደነዝዛል። ከዚያ ማየትና መናገር ይጠፋል፣ ከዚያ እጅና እግር፣ ከዚያ ትንፋሽ። በደቂቃዎች ነው። ልብ ግን ይመታል፣ አእምሮም ብዙ ጊዜ ነቅቶ ይሰማል። ዓይኑን መግለጥ አቅቶት፣ አጠገቡ «ሞተ» ሲሉ ይሰማል።

«መድኃኒቱስ?»

«የለውም። ሌላ ሰው ከተነፈሰለት ግን ይተርፋል። በአፍም በማሽንም፣ ሳያቋርጥ፣ መርዙ እስኪለቅ፣ እስከ ማግስቱ።»

«ልጆቿስ? ሲፈለፈሉ?»

«ሰሊጥ ነው የሚያክሉት። መርዙን ግን ከእናታቸው ይዘው ነው የሚወጡት። ሰው ይጎዱ እንደሆነ እኔ አልሞክረውም።» ሥራውን አቆመ። «ኢየሩስ። ለምንድነው የምትጠይቂኝ?»

የምናገርበት ሰዓት ያ ነበር። ክፍሉ ውስጥ ሁለታችን ብቻ ነበርን፣ ብርሃኑ ፊቱ ላይ ይንቀሳቀስ ነበር፣ የሰው ፊት እንደዚያ ሲሆን የማይቆጣ ይመስላል።

«እንዲሁ ነው» አልኩት።

«ቶሌ። ከሰኞ ጀምሮ ሃኖቨር እህቴ ጋ ነኝ፣ እስከ ገና። ስትፈልጊ ደውዪ።»

ማክሰኞ፣ ዲሴምበር 9

ሼፉ ሺፍቱን ቀየረ። ለበዓሉ ዕቃ ንጋት ላይ ስለሚገባ ከሐሙስ ጀምሮ ጽዳቱ ማታ ነው፣ አስራ አንድ ሰዓት፣ ሠራተኛ ሁሉ ከወጣ በኋላ፣ እና አንድ ሰው ብቻ። እትዬ። እኔን ባንሆፍስፊርቴል፣ ባቡር ጣቢያው ሰፈር፣ ወዳለ ቢሮ አዛወሩኝ። ቁልፌን ተቀበሉኝ።

እትዬ ደስ ብሏቸዋል። «አሁን ማንም ደቂቃ ሳይቆጥርብኝ እስከ ክርኔ ድረስ ነው የምገባው፣ ግማሽ ሰዓት!»

እኔ ስቆጥር ያውቁ ነበር ለካ።

ረቡዕ፣ ዲሴምበር 10

የመጨረሻ ጠዋቴ። እጆቿ ባዶ ናቸው። ውሃው ሰሊጥ ተበትኖበታል፣ አንዳንዱ ይዘላል፣ አንዳንዱ ብርሃኑን ይከተላል። እሷ ዛጎሉን ትታለች። ገርጥታለች፣ አትደበቅም፣ ገንዳው መሃል ያለ ሐሳብ ትዋኛለች፣ መስታወቱን ነካሁት፣ ቀለበቷ ግማሹ ብቻ በራ፣ እንደሚያልቅ ባትሪ። ልትሞት ነው፣ ግን አልሞተችም። ልክ እጅ የሚገባበት ቦታ ላይ ነው የምትዞረው።

ክዳኑን በሰፊ ፕላስተር ዙሪያውን አሰርኩት። እትዬ ቦርሳቸው ውስጥ መቀስ አለ። ዕቃ ገብቶ ሰው ስለበዛ ዛሬ አልነከሩም፣ በጀርባዬ ከልዬው ቆምኩ።

ስንወጣ የሱፍ ካልሲ ሰጡኝ፣ ራሳቸው የሠሩት፣ በዚያ በጎበጠ ጣት። «ነገ አምት ወለሉ ይቀዘቅዛል፣ ተራሽን ስትጠብቂ እንዳይበርድሽ።»

እንዴት ብዬ ልናገር። እንዴት።

ሐሙስ፣ ዲሴምበር 11

አምት። ቁጥሬ 87 ነው። 81 ላይ ናቸው። ይሄንን ቴርሚን ከጁን ጀምሮ ነው የጠበቅኩት።

እትዬ ስልክ አያነሱም። ይጠራል፣ ይጠራል፣ ከዚያ መልእክት የሚቀበለው ማሽን። ከሰዓት በኋላ ቦርሳ ውስጥ ይረሱታል። የአብዲሳ ስልክ ዝግ ነው። ሳሮን ሥራ ላይ ናት።

83።

ሥራው ቦታ ደወልኩ፣ የሚያነሳ የለም። ለሄር ክሮል ማሽን በዶይች ተናገርኩ፣ እየተንተባተብኩ፣ ሁሉንም፣ ስሜን ጭምር። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴትዮ ዓይኗን አፈጠጠችብኝ። በሩን ቆልፉ አልኩ። ማንም አይግባ አልኩ። ይስማው አይስማው እንጃ።

በመስኮቱ ሲታይ ሰማዩ ግራጫ ነው፣ እየከበደ ነው። አሁን ዘጠኝ ሰዓት ነው። አስር ተኩል ሳይሞላ ይጨልማል፣ አስራ አንድ ላይ እሳቸው ቁልፉን ያዞራሉ።

84። ተነሳሁ። ቁጥሬን ለሴትዮዋ ሰጠኋት፣ 96 ነበር የያዘችው።

ባቡሩን እየጠበቅኩ ነው፣ መጀመሪያ ወደ ቤታቸው፣ ካጣኋቸው ወደ ሥራው በር። ይሄንን ጉልበቴ ላይ ጽፌ ማሽኑ ላይ አነበዋለሁ፣ ዛሬ ጉንዳንም ቢሆን አነበዋለሁ።

እትዬ፣ ኢየሩስ ነኝ። ከዚህ በፊት የነገርኩዎት ሁሉ አንድ ነገር ይጎድለዋል፣ ለዚያ ነው ያላመኑኝ፣ እርስዎ ጥፋት የለብዎትም። ያስገባኋት እኔ ነኝ። ኦክቶበር ሃያ ሰባት፣ ሰኞ፣ የድንጋዩ ሣጥን ሲከፈት ከእርጥብ ጋዜጣው ውስጥ መሬት ላይ ወደቀች። መሬት የወደቀ ሁሉ ቆሻሻ ነው የተባልነው። የታኘከ ማስቲካ ትመስል ነበር፣ ከዚያ አንድ እጇን አነሳች። በቆሻሻ ማንሻው አንስቼ እርስዎ የሚነክሩበት ውስጥ ከተትኳት፣ እርስዎ እንደሚነክሩበት እያወቅኩ። መርዘኛ መሆኗን ያን ቀን አላወቅኩም። ከሳምንት በኋላ አወቅኩ፣ ከዚያ ወዲህ ያለው አምስት ሳምንት ግን የራሴ ነው። ትሞታለች ብዬ እየጠበቅኩ ነበር፣ እርስዎ በየቀኑ እጅዎን እየከተቱ። ሕልም አላየሁም። ቀለበቱ ባል አይደለም። ፓሱንም ትቼ መጥቻለሁ።

ለሼፉ ነግሬዋለሁ፣ የእርስዎንም መንከር ነግሬዋለሁ፣ ይቅር ይበሉኝ፣ ያባርረን።

ፕላስተሩን አይቁረጡት። እንደው ነክተው ከሆነ፣ ከንፈርዎ ከደነዘዘ፣ ምላስዎ ሳይተሳሰር ወደ አደጋ ጊዜው መቶ አስራ ሁለት ደውለው «ትንፋሽ» ይበሏቸው፣ ከዚያ ይተኙ፣ አይፍሩ። ዓይንዎ ባይገለጥም እንደሚሰሙኝ አውቃለሁ። ማንም ሞቱ ቢል እኔ አላምንም። እስኪነጋ እተነፍስልዎታለሁ።

ግን አይንኩት። አሁን ዘጠኝ ከሃያ ነው፣ መብራቶቹ ገና አልበሩም። እትዬ፣ ይሄን ሲሰሙ፣ ካፖርትዎን ሳይለብሱ፣ ከቤት ሳይወጡ፣ ሳይጨልም ይደውሉልኝ።